የትንሿ መኪና ታኮ

ሣህሌ የሞተው በገዛ ሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱን ተመትቷል፤ ደሙ ደርቋል። ጠዋት ቁርስ ይዛ የገባችው ሚስቱ ውብነሽ አየችው፤ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሄዳ ለቀበሌ ተናገረች። አልጮኸችም። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አለሙ መጣና ሬሳውን ተራምዶ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ መኪና አየ። አይቶም፣ የስለላ ዕቃ አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ!

ሰመራ ያን ጊዜ ከተማ አትባልም። ወደ አሰብ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች የሚያርፉባት አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ፣ ጥቂት ሻይ ቤቶች፣ የከድሩ ሱቅና ቀበሌው ናቸው። የቀረው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ሰውን ያደነዝዛል፤ ጎረቤት ሞተ ሲባል እንኳ ሕዝቡ ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገረ፣ ቀስ ብሎ ነው የመጣው።

ከአሳይታ የተጠራው መርማሪ መቶ አለቃ ይገዙም ከሙቀቱ አይሻልም። ዓይኑ ሁልጊዜ ግማሽ ክድን ነው፤ አለቆቹ «እንቅልፋሙ» ይሉታል። ሹፌሩ ሀሰን ላንድሮቨሩን ከሣህሌ ግቢ በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ አቆመ። አለሙ ገና በሩ ሳይከፈት ጀመረ።

«ጉዳዩ አልቋል፣ ጓድ መቶ አለቃ። ገዳዩ ተይዟል። ባለሱቁ ከድሩ ነው። ሱቁ ውስጥ የምስጢር ሬዲዮ ተገኝቶበታል፤ አንቴናው ክንድ ያህላል። ሁለት ሰላዮች ተጣሉ፣ አንዱ አንዱን ገደለ። ለደኅንነት ነግሬያለሁ፤ ዛሬ ከሰዓት መኪና ይልካሉ።»

«ሬዲዮው ምን ይላል?»

«እ?»

«ሲናገር ሰምተኸዋል ወይ ነው የምለው።»

«የምስጢር ነው አልኩ እኮ!»

ያ ከሰዓት የሚመጣው መኪና ምን እንደሆነ ሰመራ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የጫነውን ሰው መልሶ ሲያወርድ ያየ የለም። ከድሩን ከዚያ መኪና የሚያስቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመኪናው በፊት እውነተኛው ገዳይ መገኘት አለበት።

የሥራ ክፍሉ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ምድጃ ውስጥ እንደ መግባት ነው። ይገዙ ሬሳው ከተነሳ በኋላ ብቻውን ገብቶ ቆመ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መፍቻዎች ሁሉ አቧራ ለብሰዋል። ከመካከላቸው የክሪክ ዘንጉ ብቻ በናፍታ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ዘንጉን አላወረደውም። ወደ ጠረጴዛው ዞረ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳንቃ፣ በአንድ ጫፉ ቆርቆሮ ተደግፎ ቁልቁለት ሆኗል። ሳንቃው ላይ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ ቆማለች። ክንድ ተኩል አትሞላም፤ ግን ሙሉ መኪና ናት። ጋቢና አላት፣ ስፖኪዮ አላት፣ ከኋላዋ ተሳቢ አላት። ተሳቢው ሥር፣ ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት፣ ከቀሚስ የተቀደደ ቢጫ ጨርቅ ተነጥፏል። በጨርቁና በጎማው መካከል ደግሞ አንዲት ጥቁር ጠጠር ተሸጉጣለች።

ይገዙ ጠጠሯን ለረጅም ጊዜ አያት። «ማንም እዚህ ገብቶ ይቺን መኪና እንዳይነካ» አለና ወጣ።

ከድሩ የቀበሌው መጋዘን ውስጥ እጁን ታስሮ ተቀምጧል። ሚስቱ ኡምሰልማ በሩ ላይ ናት።

«ወላሂ መቶ አለቃ፣ መጫወቻ ነው!» አለ ከድሩ። «ጋሽ ሣህሌ አሰብ ወደብ ላይ ከአንድ መርከበኛ በእጅ ሰዓቱ ለውጦ ያመጣው ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ፍርስርሱ ነው፤ ጎማው ለብቻ፣ ማርሹ ለብቻ፣ ቡሎኑ ለብቻ። ክረምቱን ሙሉ ሲገጣጥመው ከረመ። መጀመሪያ አፍንጫዋ ረጅም ነበር። ‹ይቺ የኔ መኪና አይደለችም› አለና ቆርጦ ጣለው። ከወተት ቆርቆሮ እንደ ድሮ መኪናው ያለ ጋቢና ሠራላት፤ ከሳጥን ጣውላ ተሳቢ። መብራቷን በካውያ የበየድኩላት እኔ ነኝ።»

«አንቴና ያለውስ?»

«መንጃዋ ነው እኮ! አንዱን ዘንግ ሲገፉት ትሄዳለች፣ ሌላውን ሲያዞሩት ትታጠፋለች። ሽቦው ተበጥሶ ሰሞኑን ለብየዳ እኔ ጋ ነበር።»

«እንግዲያው ትናንት አመሻሽ ላይ መኪናዋን ያንቀሳቀሰ ሁሉ በእጁ ነው ያንቀሳቀሳት።»

«በእጁ ነው። ሌላ በምን?» አለ ከድሩ። ቀጥሎም ድምፁ ወረደ። «ግን ይሄ ምን ይረዳኛል?»

ኡምሰልማ ከበሩ ሆና «መቶ አለቃ፣ በአላህ ይሁንብዎ» አለች። «ዛሬ ከሄደ ሄደ ነው። እርስዎም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

እሷም ከዚያ በላይ አልለመነችውም። ከድሩ ግን ዞር ብሎ «አብሽሪ» አላት፤ ለራሱም ጭምር ነበር።

ውብነሽ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደርቋል።

«እትዬ ውብነሽ፣ ያንን ቢጫ ጨርቅ ያውቁታል?»

«የልጄ ነው። የባፈና ቀሚስ።»

ይገዙ ድንጋይ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሳይጠይቃት ቀጠለች፤ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

«አዋሽ ላይ ነው የሞተችው። ሣህሌ ያኔ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ባሕር ላሳያት ብሎ ይዟት ወጣ። አዋሽ ቁልቁለት ላይ አቁመው ምሳ ሊበሉ ምግብ ቤት ገቡ። እሷን ሞቃት፤ ተሳቢው ሥር ጥላ አይታ ተኛች። መኪናው ተንሸራተተ።»

«ፍሬን አልያዘም ነበር?»

«ይዣለሁ ብሎ ማለ። ፍርድ ቤቱ አልያዝክም አለው። ታሰረ፣ መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ። ሲፈታ እዚህ መካኒክ ሆነ።»

«የተጫነ ተሳቢ ቁልቁለት ላይ በእጅ ፍሬን ብቻ አይቆምም፣ እትዬ። ጎማው ሥር ድንጋይ ይገባል፤ ታኮ። ታኮ የማስገባት ሥራ ደግሞ የረዳቱ ነው።»

«ረዳት ነበረው። መለሰ የሚባል። ታኮ አስገብቻለሁ፣ ፍሬኑ ነው ያልተያዘው ብሎ መሰከረበት። ከዚያ ጠፋ። እኔ ፊቱን አይቼው አላውቅም።»

«እርስዎስ ማንን አመኑ?»

«ሣህሌን አልሰደብኩትም» አለች። «ግን አላናገርኩትም። ምግቡን አቀርባለሁ፣ ይበላል። እሱም ይህን ሁሉ ዓመት ራሱን ይጠይቃል። ይዤ ነበር ወይስ አልያዝኩም? መጨረሻ ላይ ራሱም አላወቀውም መሰለኝ።»

ሣህሌ ዘንድ ይመላለስ የነበረ አንድ ሰው ቀርቷል፤ የካምፑ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ተክለ ማርያም። ከጥቂት ወራት በፊት ተመድቦ የመጣ፣ ሸሚዙን በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ይገዙን ቆሞ ተቀበለው።

«እኔ የብዕር ሰው ነኝ፣ መቶ አለቃ። መኪና በሩቁ ነው የማውቀው። ሟቹ ቡሎን ሲፈልግ ይመጣል፣ እኔም አልፎ አልፎ ጎራ እላለሁ፤ ከሰላምታ አናልፍም።»

«ትንሿን መኪና አይተሃታል?»

«ሰው ሁሉ አይቷታል። ትልቅ ሰው በመጫወቻ...» ንግግሩን ሳይጨርሰው ዓይኑ በመስኮቱ ወጣ። ተመለሰ፤ ደግሞ ወጣ። «ሹፌርዎ መኪናውን ቁልቁል አቁሞ ሄደ እኮ።»

«ፍሬን ይዟል።»

«እሱስ ይዟል» አለ ተክለ ማርያም፤ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ።

ይገዙ አመስግኖ ወጣና ከሀሰን ጋር ጥቂት ቃል ተነጋገረ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ሁሉንም ሣህሌ ግቢ ሰበሰባቸው። የሥራ ክፍሉ በር ተከፍቷል፤ ትንሿ መኪና ሳንቃው ላይ እንደቆመች ትታያለች። ውብነሽ ግድግዳ ተደግፋለች። ከድሩ እጁን እንደታሰረ፣ ኡምሰልማ ከኋላው። አለሙ በየደቂቃው ወደ መንገዱ ያያል። ከሰርዶ በሚመጣው መንገድ በኩል አቧራ ተነስቷል፤ አንድ መኪና እየመጣ ነው።

«ደረሱ!» አለ አለሙ።

«እስኪደርሱ ላውራችሁ» አለ ይገዙ። «ሣህሌ ይቺን መኪና የሠራት ለጨዋታ አይደለም። የድሮ መኪናውን ነው የሠራው። ሳንቃው የአዋሽ ቁልቁለት ነው፤ ጨርቁ ልጁ ናት። ትናንት አመሻሽ ላይ አንድ ሰው ጠርቶ ይህንን አሳይቶታል። ያ ሰው በክሪክ ዘንግ መታው፤ ዘንጉን አጥቦ መለሰው። እስከዚህ አላጠፋም። ጥፋቱ ጠጠሯ ናት።»

«ጠጠር?» አለ አለሙ።

«መኪናዋ እንዳትንሸራተት ጎማዋ ሥር የገባች ጠጠር። ማን አስገባት? ሣህሌ ሊያሳይ የፈለገው መንሸራተቷን ነው፤ ለምን ያግዳታል? ደግሞም ሹፌር መሪውን ይዞ ይቀመጣል እንጂ ታኮ አያስገባም። ከድሩ ቢሆን መጫወቻን ማቆም ቀላል ነው፤ አግድም ያዞራታል ወይ በጎኗ ያጋድማታል። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር። ይቺ ጠጠር ግን የገባችው በተሳቢው የኋላ ጎማ ነው፤ ያውም ሹፌሩ በስፖኪዮ በሚያየው በኩል። ጠፍጣፋው ወደ መሬት፣ ስለቱ ወደ ጎማው። ይህንን እጅ እንጂ አእምሮ አይሠራውም። የረዳት እጅ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ከእናንተ ረዳት የነበረ አለ?»

ጥግ ይዞ ወደ ቆመው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዞረ።

«ተክለ ማርያም?»

«የብዕር ሰው ነኝ አልኩዎት።»

ያን ጊዜ ከግቢው በላይ ላንድሮቨሩ ሲጢጥ አለ። መሪው ላይ ሰው አይታይም። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ እየባሰበት ወደ ባዶው ሜዳ ቁልቁል መንከባለል ጀመረ። «ኧረ መኪናው!» አለ አለሙና ወደ ኋላ ሸሸ። ኡምሰልማ ከድሩን በሸሚዙ ጎተተችው። ሁሉም ሸሸ። አንድ ሰው ብቻ ወደ መኪናው ሮጠ። በሩጫ ድንጋይ አነሳ፣ በጎን ጎንበስ አለ፣ ከኋላው ጎማ ፊት ሸጎጠና እጁን ላፍ አድርጎ መለሰ። ላንድሮቨሩ ተንገጫግጮ ቆመ።

ተክለ ማርያም ጎማው አጠገብ ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። ሁሉም ሲያዩት እጁን አየ። መኪናው ውስጥ ከመሪው በታች ያጎነበሰው ሀሰን ቀና ብሎ ፍሬኑን የለቀቀው እሱ እንደሆነ በፈገግታ ተናገረ፤ የሳቀለት ግን የለም።

«ስምህ መለሰ ነው» አለ ይገዙ።

«ተክለ ማርያም የክርስትና ስሜ ነው።» በድምፁ ውስጥ ስሜት አልነበረም። «ዓመታት ፊቴን ለውጠውታል፤ ቡሎን ሲቀበለኝ ግን እጄን አይቶ አወቀኝ። ትናንት ጠራኝ። ‹አስገብተህ ነበር?› አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። መኪናዋን ለቀቃት፣ ጨርቁ ላይ ወጣች። መልሶ አወጣት፣ ደግሞ ለቀቃት። ‹አስገብተህ ነበር?› ይለኛል። ይህን ሁሉ ዓመት ውሸቴን ቆልፌ ኖሬ፣ እንደገና ሊከፍተው ነው። ዘንጉን አነሳሁ። ሲወድቅ መኪናዋ እንደገና ጨርቁ ላይ ወጣች።»

«አንተስ?»

«ከጨርቁ ላይ አነሳኋት። ከዚያ መሄድ ነበረብኝ። ያለ ታኮ ትቻት መውጣት አቃተኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎማ ያለ ታኮ ሳይ ያመኛል፣ መቶ አለቃ።»

ውብነሽ ከግድግዳው ተነስታ መጣችና ፊቱ ቆመች። «አስገብተህ ነበር?» አለችው።

መለሰ ቀና ሳይል «አላስገባሁም» አለ። «ርቦኝ ነበር። ምሳ ቀርቦ ነበር።»

የደኅንነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሁለት ሰዎች ወረዱ። ይገዙ የሆነውን አስረዳ፤ አለሙ ግን እጁ ባዶ ሊቀር ነው። «ገዳዩስ ይሁን» አለ፤ «ሬዲዮው ግን ሬዲዮ ነው። ከድሩ መሄድ አለበት።»

አንደኛው ሰውዬ መንጃውን ከአለሙ ተቀብሎ አንቴናውን ስቦ አየው። «ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ያሳያችሁ» አለ ይገዙ። «እጁን ፍቱት።»

ከድሩ ተጠፍሮ የነበረውን እጁን እያሻሸ መንጃውን ተቀበለ። ዘንጉን ገፋ። ከሥራ ክፍሉ ውስጥ የሞተሩ ጩኸት ተሰማ፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ደግሞ ገፋ። ላቡ በአገጩ ወረደ።

«አትሄድም» አለ ሰውዬው። «ይዛችሁት ወደ መኪናው ግቡ።»

«ያ አላህ!» አለች ኡምሰልማ።

ውብነሽ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች። ሁሉም በተከፈተው በር ያያታል። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ቢጫውን ጨርቅ ከተሳቢው ሥር ቀስ አድርጋ አወጣችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ጠጠሯን አነሳች።

መኪናዋ መብራቷን አብርታ ሳንቃውን ወረደች፤ ከድሩ ጠረጴዛው ላይ አዞራት፣ አቆማት።

«መጫወቻ ነው እንዴ!» አለ ሰውዬው፣ ቅር ብሎት። መንጃውን ለከድሩ ትቶ መለሰን ይዞ ሄደ። ኡምሰልማ ባሏን እጁን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችው።

ይገዙ ሊሰናበት ሲገባ ውብነሽ የሣህሌ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጠጠሯ መዳፏ ውስጥ ናት።

«ይዞ ነበር እኮ» አለችው። «ፍሬኑን ይዞ ነበር። ማን ይንገረው አሁን?»