በነርሷ ካርድ የተፈረመው መስመር

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቿ ገና ከአልጋዋ አልተነሣችም። ፊቷ አብጧል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሳል ይዟት በእግሯ የገባች ሴት፣ የፔኒሲሊን መርፌ በተወጋች በግማሽ ሰዓት ታፍና ሞተች። መርፌውን ያዘዘው የክፍሉ ሐኪም፣ የወጋችው ነርሷ ናት። ነርሷ አሁን ፖሊስ በር ላይ ቆሞባት ዕቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። የሥራ ፈቃዷን ተነጥቃ ወኅኒ ለመውረድ የቀራት የአንድ ፊርማ ጉዳይ ነው።

«ለምን ይደክማሉ?» አለ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ስክሪኑን እያዞረላት። «ሁሉም እዚህ ተጽፏል።»

ተጽፏል። 3፡05 ከጠዋቱ፣ በነርሷ ካርድ የተፈረመ፦ «ስለ አለርጂ ተጠይቃ የለብኝም ብላለች።» 3፡15 የሐኪሙ ትዕዛዝ። 3፡20 መርፌ። 3፡50 ሞት።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ስለ ብሎክቼይን ሰበከላት። መዝገቡ በአምስት ሆስፒታሎች በእኩል ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ መስመር ከፊተኛው ጋር እንደ ሰንሰለት ይታሰራል፤ የገባውን መፋቅም መለወጥም አይቻልም። ሟቿ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ለጠየቃት ሁሉ ትናገር እንደነበር ደግሞ ልጇ መስክራለች። ስለዚህ ነርሷ በሽተኛዋን ሳትጠይቅ ጠየቅሁ ብላለች፤ አለቀ።

ባልደረቦቿ «እሾህ» የሚሏት መርማሪ እንዲህ ያለውን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ሰንሰለት የሰጡትን ይዞ ያስቀምጣል እንጂ ማን እንደሰጠው በምን ያውቃል? ውሸት ቢሰጡትም ያንኑ አጥብቆ ይይዛል። ይህን ለማወቅ ዳይሬክተር መሆን አያስፈልግም፤ ምናልባት ለመርሳት ያስፈልግ ይሆናል።

ነርሷ አልቅሳ ጨርሳለች። ያንን መስመር እንዳልጻፈችው፣ በሽተኛ ሲገባ ስለ አለርጂ የሚጠይቀውም ሐኪሙ እንደሆነ ነገረቻት።

«ታዲያ ካርድሽ የት ነበር፣ ሲስተር?»

«ኩባያው ውስጥ።»

ጀርም ያስተላልፋል ተብሎ ካርድ አንገት ላይ ማንጠልጠል ከተከለከለ ወዲህ፣ የክፍሉ ነርሶች ካርዳቸውን ከኮምፒውተሩ አጠገብ በአንድ የፕላስቲክ ኩባያ ያኖራሉ። የምስጢር ቁጥሩም እንዳይረሳ ከየካርዱ ጀርባ በቁስል ፕላስተር ላይ ተጽፏል። አምስት ሆስፒታሎች ተማምለው የሚጠብቁት መዝገብ ቁልፉ ይኸው ነበር።

ሐኪሙ በእርጋታ ተቀበላት። ማዘኑን ደጋግሞ ነገራት።

«መርፌውን ከማዘዝዎ በፊት የነርሷን መስመር አንብበውታል፣ ዶክተር?»

«በዓይኔ በብረቱ። ሳላነብ መቼ አዛለሁ?»

«ይህንኑ ጽፈው ይፈርሙልኝ።»

ፈረመላት።

የመረጃ ክፍሉን ኃላፊ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ በስክሪኑ ላይ ያለውን ሰዓት የሚሞላው ማነው? ጸሐፊው ራሱ ነው አላት። ሥራ ሲበዛ ቀድሞ የተሠራው ዘግይቶ ስለሚጻፍ እንዲያ ተፈቀደ። መስመሩ ሰንሰለቱ ውስጥ የገባበትን ሰዓት ግን ሥርዓቱ በራሱ ያትማል፤ እሱን ማንም አይነካውም፣ ስክሪኑም አያሳየውም።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠይቆኝ፣ እመቤቴ?»

ይህ ሰዓት ያለበትን የመዝገቡን ቅጂ ከሌላ ሆስፒታል አስመጣች። ከዚያ ኮሪደር ላይ የቀረችውን የሟች ልጅ ፈልጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ እናቷ ካረፈችበት ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ያህል ነርሷ እጇን ይዛ እንዳልለቀቀቻት ነገረቻት። ገዳይዋ እሷ ናት ሲሏት ማመን ያቃታትም ለዚህ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ኩባያው ባለበት ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ።

«ይህች የ3፡05 መስመር፣» አለች መርማሪዋ ቅጂውን ዘርግታ፣ «ሰንሰለቱ ውስጥ የገባችው 4፡25 ላይ ነው። ሴትየዋ ከሞተች ከሠላሳ አምስት ደቂቃ በኋላ። ያን ጊዜ ሲስተር ኮሪደር ላይ ከልጅቷ ጋር ነበረች። ዳይሬክተሩ ወደ ግቢው የገቡት አምስት ሰዓት ላይ ነው። የመረጃ ኃላፊው ይህ ሰዓት እንደሚታተም ስለሚያውቅ እንዲህ ያለ ሞኝ ውሸት አይዋሽም። የዋሸው ስክሪኑን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «እርስዎ ግን 4፡25 ላይ የተጻፈውን ከ3፡15 በፊት አነበብኩ ብለው ፈርመውልኛል። ያልነበረ ነገር እንዴት ይነበባል?»

የሟች ልጅ ወደ ሐኪሙ ተጠጋች።

«ፔኒሲሊን እንደማይስማማት እናቴ ነግራህ ነበር?» አለች ልጅቷ።

«ነግራኛለች፣» አለ ወለሉን እያየ። «አሥራ አንድ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። በኋላ እጽፈዋለሁ ብዬ ወጣሁ፤ ትዕዛዙን ስሰጥ ከአእምሮዬ ጠፋ።»

ዳይሬክተሩ ወደ ኃላፊው ጠጋ ብሎ መስመሯ እንደምንም የምትነሣበት መንገድ ይኖር እንደሆነ አንሾካሾከ። መርማሪዋ ሰማችው፤ የተናገረችው ግን ነርሷ ናት።

«አትነሣም። እስክሞት በስሜ ትኖራለች።» ሐኪሙን አየችው፤ ስድስት ዓመት አንቱ ስትለው ኖራለች። «ከሥሯ ጻፍ። በገዛ ካርድህ።»

ሐኪሙ መርማሪዋን አየ። የተቆጣ ፊቷ አልራራለትም። ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ተቀመጠ። ነርሷ ከኋላው ቆማ ቃል በቃል አነበበች፦ ከላይ ያለው በነርሷ አልተጻፈም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጣቱን ወደ ማረጋገጫው ሰደደ።

«አላለቀም፣» አለችው ነርሷ። «ሟቿ እንደነገረችህም ጨምርበት።»