ዜሮ ላይ የቆመ ግድግዳ

አዴር ኢሴ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄን ማነው የገነባው? ሰው ነው ግመል?»

የኮምፒውተር ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ስክሪኑ ላይ የትምህርት ቤቱ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ሞዴል ቆሟል። ተማሪው ሁሉ አዴር፣ ማለትም አጎት፣ የሚላቸው ግንበኛው ኢሴ እውነተኛውን ከነገ ወዲያ ስለሚጀምሩ መምህር መርሻ ናቸው እንዲያዩት የጋበዟቸው።

«ጡቡ በጡብ ላይ ቀጥ ብሎ ተቆልሏል። በጡቦቹ መሃል ያለው ፉጋ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር! ይሄማ ከቶጎጫሌ ተቆልሎ የመጣ ካርቶን ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም። ፍየል ብትተሻሸው ይሰነጠቃል።»

ደሃቦ ከኋላ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። ግድግዳው የሷ ነበር። የጡብ ፎቶ አልለጠፈችበትም፤ ኖድ የሚባሉትን ትንንሽ ሳጥኖች በመስመር እያገናኘች፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ጡቡን አስልቶ እንዲደረድር ሦስት ሳምንት ደክማበታለች። የክፍል ጓደኛዋ ጌዲ ፋይሏን ገለበጠ፤ የሷ እንዳይመስል ቀለሙን ቀየረ፣ ቁጥሮቹን ነካካ፣ «እኔ ሠራሁት» አለ። ትናንት በዚሁ ሞዴል ድሬዳዋ ለሚደረገው ውድድር ተመረጠ። ጓደኛዋ ነውና ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ግን ምራቋን መዋጥ እንኳ ያስጠላታል።

«ችግር የለም ቲቸር፣ አሁን አስተካክለዋለሁ» አለ ጌዲ።

አንዱን ሳጥን ነካ፤ ጡቦቹ እንደ አይሻ ሐዲድ ተለጠጡ። ሌላውን ነካ፤ ግድግዳው የበሰበሰ ጉበት መሰለ። ማውሱ ላይ ላቡ አብለጨለጨ።

ጌዲ ያሳለው መስሎ ወደሷ ዘንበል አለ። የማስቲካው ሽታ ፊቷን መታት።

«አባዮ፣ እህቴ፣ የቱ ቁጥር ነው? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ካሸነፍኩ ስምሽን እጠራለሁ፣ ወላሂ።»

የገዛ ሥራዋን ሊያካፍላት! ይበልጥ የተጸየፈችው ግን ራሷን ነው፤ ትናንት ሲጨበጨብለት አብራ አጨብጭባለች። አሁን በሹክሹክታ ብትነግረው ድሬዳዋ ይሄዳል። ዝም ብትል ግድግዳዋ እንደተበላሸ ይቀራል።

«ምነው ጌዲ? የሠራኸው አንተ አይደለህ እንዴ?» አሉ መምህር መርሻ።

ደሃቦ ወደፊት ወጣች። ማውሱን አልነካችም።

«ከላይ የመጀመሪያው ቁጥር» አለች፣ ክፍሉ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። «ዜሮ አድርገኸዋል። ዜሮ ከሆነ ረድፉ አይገፋም። እኔ ስሠራው ግማሽ ነበር።»

ጌዲ በዜሮው ቦታ ግማሽ ጻፈ። አንድ ረድፍ እየተዘለለ ቀጣዩ በግማሽ ጡብ ተገፋ።

«በል፣ አሁን ግድግዳ ሆነ» አሉ አዴር ኢሴ።

መምህር መርሻ ግን ስክሪኑን አላዩም። «እኔ ስሠራው?» አሉ።

ጌዲ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥ አደረጋት። ደሃቦ እግሯን ሰበሰበች።

«አዎ ቲቸር። ከመጀመሪያው ጀምሬ ላሳይዎት።»