ጎጀብ ላይ «ቁረጪ!» የተባለ ዕለት

ጋሽ ገሠሠ የደጀንን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሰዋል። ምክንያታቸው አንድ ነው፤ «የአውቶቡስ ረዳት የነበረ ሰው ቤቱንም በጩኸት ነው የሚያስተዳድረው። ልጄን ለጯሂ አልሰጥም።»

ይህን የሚሉት እንግዲህ ቦንጋ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ሲቆጡ ጎረቤት ድረስ የሚሰሙ መምህር ናቸው!

ልጃቸው ሃሌሉያ የዓሣ ባለሙያ ናት። ደጀንን ያወቀችው በ2003 ዓ.ም. የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጎጀብ ወንዝ ላይ ባለሞተር ጀልባ ሲያገኝ ነው። እሱ የሺሺንዳ አውቶቡስ ረዳትነቱን ትቶ ማኅበሩ ውስጥ ገብቶ ነበር። እሷ ታስተምራለች፣ እሱ ዓይን ዓይኗን ያያል። ሲያያት የምትለው ይጠፋባታል። ምን አስረዘመኝ፣ ተዋደዱ።

ሦስተኛ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ደጀን «እስቲ መጥተው ሥራዬን ይዩልኝ» ብሎ ለመናቸው። ጋሽ ገሠሠም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው መጡና ጀልባዋ መሃል ተቀመጡ። ሃሌሉያ ጨንቋታል። ያለ አባቷ ምርቃት እንደማታገባ ለደጀን ቁርጡን ነግራዋለች፤ ዛሬም እንቢ ካሉ አበቃ።

ሞተሩን እሷ ያዘች። ጀልባዋ ዝግ ብላ ስትሄድ መንጠቆው ከኋላ በረጅም ክር ይጎተታል። ክሩ ሞተሩ ላይ ከተጠመጠመ የሚቆረጥበት ቢላዋ አጠገቧ ተቀምጧል።

ድንገት ደጀን የያዘው የማጥመጃ ዘንግ ጎበጠ።

«ያዘ!» ጋሽ ገሠሠ ብድግ አሉ። «ሳበዋ! ምን ትጠብቃለህ? አንቺ፣ ፍጥነት ጨምሪ!»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይቀመጡ» አለ ደጀን ቀስ ብሎ። «ዓሣ ሲያዝ ዘንጉን የያዘ ብቻ ነው የሚናገረው። አለዚያ ሞተር የያዘችው የማንን ትስማ?»

ጋሽ ገሠሠን ዝም ያሰኘ ሰው! ሃሌሉያ አባቷ ሲጮሁ ጠበቀች። እሳቸው ግን፣ ጉድ በሉ፣ ተቀመጡ።

ዓሣው ዞሮ በጀልባዋ ሥር ሊያልፍ ተወረወረ። ክሩ ወደ ሞተሩ ተጠጋ።

«ቁረጪ!» ብሎ ጮኸ ደጀን። «ቁረጪ! ቁረጪ!»

ቢላዋውን አንስታ ክሩን ቆረጠችው።

ዘንጉ ቀጥ አለ። ደጀን ተንገዳግዶ በቂጡ ወደቀ።

«ምን... ምን አደረግሽ?»

«ቁረጪ አልከኝ!»

«መሪውን ነዋ! መሪ ቁረጪ፣ አዙሪ ማለቴ ነው እኮ!»

ወይ ጉድ! ዕድሜውን ሙሉ ከአውቶቡስ ኋላ ቆሞ ለሾፌር «ቁረጥ! ቁረጥ!» ሲል የኖረ ሰው ሌላ ምን ይበል? እሷስ መናኸሪያ አላደገች፣ ከየት ታውቀዋለች?

ደጀን ተነሥቶ ሞተሩን ሊያጠፋ ወደ እሷ ተራመደ። ሃሌሉያ ክንዷን ብድግ አድርጋ ፊቷን ከለለች።

ክንዷን ስታየው እሷው ራሷ ደነገጠች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ደጀን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም።

እሱ ባለበት ደርቆ ቀረ። ዓሣውን ረሳው። «ሃሌ... እመታሻለሁ ብለሽ ነው?»

«አይደለም... እኔ እንጃ።»

«ማነው እንዲህ ያስፈራሽ?»

ዓይኗ ሳታዘው ወደ አባቷ ሄደ።

ጋሽ ገሠሠ ያን ክንድ ያውቁታል። ብርጭቆ በሰበረች ቁጥር፣ ከገበያ በዘገየች ቁጥር አይተውታል። አባትን ማክበር ይመስላቸው ነበር። አሁን ሌላ ሰው ደንግጦ ሲያየው እሳቸውም አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«አባዬ፣ ይተዉት...»

«አልተወውም። ጯሂ እያልኩ የሰው ልጅ ከደጄ መለስኩ፤ ጯሂው እኔው ነኝ። ደጀን፣ ሽማግሌ አትላክብኝ። በምን ፊቴ እቀበላቸዋለሁ? እሷን ጠይቃት። ያለችው ይሁን።»

ደጀን በዓይኑ ጠየቃት። ሃሌሉያ ስለ ራሷ ጉዳይ በአባቷ ፊት ተናግራ አታውቅም።

«አገባዋለሁ» አለች። ጮክ ብላ ደገመችው። «አገባዋለሁ! ሽማግሌዎቹ ግን እሑድ ይመጣሉ። እርስዎም ተነሥተው ይቀበሏቸዋል፣ አባዬ። ደግሞ ይመርቁኛል።»

ጋሽ ገሠሠ ቀና ብለው አዩአት።

«እሺ፣ ልጄ» አሉ። እሺ ሲሏት ሰምታ አታውቅም ነበር።