ከቀይዋ ዛፍ ወዲያ

የፌኔላ ፍቅረኛ ሩሪ ባሕር ላይ ሰጠመ ከተባለ ሁለት ክረምት አልፎ፣ አንድ ጉም ያፈነው ከሰዓት በኋላ፣ ከቤቷ ደጅ ዛፍ ማዶ ቆሞ ታየ።

ፌኔላ የምትፈትለው ሱፍ ከእጇ ወደቀ። «አክስቴ፣ ሩሪ ነው! ሩሪዬ መጣ!»

አክስቷ ኢሽቤል በሩ ላይ ተገተረች። «እንዳትወጪ! ይቀዝፍበት የነበረው ጀልባ ተሰባብሮ ሲገኝ የት ነበርሽ? እስቲ ግባ በይው። ሕያው ከሆነ ይገባል።»

በዚያች የስኮትላንድ ደሴት ሮዋን የምትባለው ዛፍ ያልተተከለችበት ደጅ የለም። ፍሬዋ በመከር ደም ይመስላል፤ ስሟም «ቀዪቱ» ማለት ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ሙት ደግሞ ቀይ አይደፍርም። ከእሷ ወዲያ ሙት ተከትሎ የሄደም አልተመለሰም።

«ሩሪ፣ ግባ እንጂ!»

«አልችልም፣ ፌኔላ» አለ። ድምፁ የራሱ ነው። ዓይኑ ግን እሷ ላይ አልነበረም።

«አላልኩሽም!» አክስቷ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት። «በአባትሽ አጥንት! የእሱ አፈር ሳይደርቅ አንቺንም ልቅበር?»

ፌኔላ ፈራች። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንዴ ብቻ ልየው ብላ ስትለምን ኖራለች። «ሙትም ቢሆን የኔው ነው» አለችና ቀሚሷን መንጭቃ ወጣች። በዛፏ ሥር አልፋ እጁን ያዘችው።

እጁ ትኩስ ነበር።

«የምን ሙት ነው የምትሉት?» አለ ሩሪ። «ሙት እንዲህ ይርበዋል? የኖርዌይ መርከብ አነሳኝ፤ እግሬ ተሰብሮ እስኪጠገንና መመለሻ መርከብ እስካገኝ ነው የቆየሁት።»

«ታዲያ አልገባም ብለህ ነፍሴን የምታወጣት ለምንድን ነው?»

«አባትሽ አስምሎኛል። የሰው ጀልባ ላይ የሚቀዝፍ አማች አልፈልግም፣ እኔ ራሴ ና ካላልኩህ በዚህች ዛፍ ሥር እንዳታልፍ ብሎኝ።»

እንባዋ መጣ። «አባዬ እኮ ሞቷል፣ ሩሪ። በፋሲካ ቀበርነው።»

የሩሪ ፊት ነጣ።

«እንዴ! ታዲያ መስኮቱ ላይ ሆኖ የሚያየኝ ማን ነው?»

ዞረች። አባቷ ባሕሩን እያየ ይቀመጥበት የነበረው መስኮት ለእሷ ባዶ ነበር። ሙት እንዳይገባ የምትከለክል ዛፍ፣ የቤቱ ሙት እንዳይወጣም እንደምትከለክል ማን አሰበ?

«ምን ይላል?» አለች በሹክሹክታ።

ሩሪ ቆቡን አወለቀ። 

«እጁን አነሳ» አለ። «ና እያለኝ ነው።»

«መጣን፣ አባዬ» አለች ፌኔላ ወደ ባዶው መስኮት፤ የሩሪን እጅ እንደያዘችም በቀይዋ ዛፍ ሥር ይዛው ገባች።