ዘንቢሉ ውስጥ ያለው ፊት

ዘንቢሉን ራሱ ላይ የደፉበት ከጀርባው መጥተው ነው። ሩዌል ማን እንደሆነ ለማየት እንኳ ጊዜ አላገኘም። የዓሣ ገበያ ዘንቢል ስለሆነ ውስጡ ይከረፋል፤ ለዓይን የሚሆን ቀዳዳም የለውም። ሁለት ልጆች ክንዶቹን ጠምዝዘው ከቅርጫት ኳስ ሜዳው ጀርባ ካለው ግንብ ጋር አጣበቁት።

«በል ጠቁም» አለው ጆማር። «ለዘርህ አዲስ ሥራ አይደለም።»

ሩዌል ዝም አለ። ጆማር ሆዱን በቡጢ መታው። ሁለተኛው ቡጢ ያረፈው ዘንቢሉ ላይ ነበር፤ አፍንጫው ይሁን ከንፈሩ ሳይታወቅ በዘንባባው ሽመና መሀል ደም ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ።

ኔሪሳ ከግንቡ ጥግ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ወደ ቤተ መጻሕፍት ስትሄድ ነው የደረሰችባቸው።

«ተው ጆማር» አለች። ድምጿ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?» አላት ጆማር ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት። «አንብበን ነው የመጣነው። ከዚያ ደግሞ ተማሪው አያነብም ትላላችሁ።»

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ አንደኛው የሩዌልን ቀኝ እጅ ወደ ፊት ዘረጋና «ካልጠቆመ እኛ እናግዘው» አለ። ሩዌል እጁን ጨበጠ። ጭብጡን ለመፈልቀቅ ሁለት ሆነው ታገሉት፤ አመልካች ጣቱን አወጡና ወደ ኋላ ሳቡት። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ሩዌል ያን ጊዜ ነው የጮኸው።

ልጆቹ ለቀውት በረሩ። ጆማርም ሮጠ፤ ጣት ይሰበራል ብሎ ያሰበ አይመስልም ነበር። ሩዌል በግራ እጁ ዘንቢሉን አወለቀ፣ ደም የተቀላቀለበት ምራቅ ተፋ፣ ከዚያ ኔሪሳን አያት።

«ሌላ የምትጽፊው ቀርቶሻል?» አላት።

እጁን ደረቱ ላይ አስደግፎ ሄደ።

ኔሪሳ በትምህርት ቤቱ የምትታወቀው ታሪካዊ ልብ ወለድ አንብባ ኮከብ በመስጠት ነው። የንባብ ክበቡ በየዓመቱ ለክፍለ ሀገሩ የተማሪ አንባቢዎች ሽልማት የታጩ መጻሕፍትን አንብቦ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ አስተያየቱም ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጠፋል። እሷ በኮከብ ስስታም ናት። በስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን የሚኖር ጀግና የፕላስቲክ ባልዲ አንጠልጥሎ ወንዝ ሲወርድ ያገኘችው ዕለት መጽሐፉን በአንድ ኮከብ ሸኝታዋለች። ስለ ሌላው «ጦርነቱ ከተማውን አወደመ፤ የልጅቷን ፀጉር ግን አልነካም፤ ሁለት ኮከብ» ብላ ጽፋለች። መጽሐፉን የማያነቡ ልጆች እንኳ የእሷን አስተያየት ቆመው ያነባሉ። ይህ ያኮራት ነበር፤ ቢያኮራትም አይፈረድባትም።

«ከማንጎው ሥር» ግን ሌላ ነገር ሆነባት። ጸሐፊዋ የከተማውን ስም ቀይራዋለች እንጂ፣ እዚሁ ታሊባዮ ያደገ ሰው ቤተ ክርስቲያኑንም ወንዙንም ወዲያው ያውቃቸዋል። በጦርነቱ ማብቂያ ላይ የጃፓን ወታደሮች የከተማውን ወንዶች ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያሰልፏቸዋል። ዓይኑ ጋ የተቀደደ ዘንቢል ራሱ ላይ ያጠለቀ ጠቋሚ ይመጣል፤ አገሬው ማካፒሊ የሚላቸው ዓይነት ከሃዲ ነው። አይናገርም፤ ጣቱን ብቻ ይቀስራል። የተቀሰረበት ሰው እየተጎተተ ማንጎው ሥር ይወሰድና በሳንጃ ይወጋል። ጸሐፊዋ ስሙን እስከ መጨረሻው አትናገርም።

ኔሪሳ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ኮከብ ሰጠች። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት። ብልጥ መስሎ መታየት አማራትና አስተያየቷን እንዲህ ብላ ዘጋችው፦ «ጸሐፊዋ የጠቋሚውን ስም ብትደብቅም አንባቢ ዕውር አይደለም። ለጃፓኖቹ ጠረጴዛ ሲሠራ የነበረውን አናጢ ያን ቀን ማንም አልጠቆመበትም። በታሊባዮ አናጢው ማን እንደነበር ደግሞ የማያውቅ የለም።»

አናጢው የሩዌል ቅድመ አያት ነው። ድልድዩ አጠገብ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ዛሬም የእነሱ ነው፤ ሩዌልም ከትምህርት ሲመለስ አባቱን እያገዘ በር ይልጋል። በታሊባዮ ደግሞ ማንጎው ሥር ሰው ያልቀረበት ቤት የለም። የጆማር ቅድመ አያት ከሁለት ልጆቹ ጋር እዚያው ነው የቀረው።

በማግሥቱ ሩዌል ጣቱ በቀጭን ጣውላ ታስሮ ትምህርት ቤት መጣ። ለጠየቀው ሁሉ ከመሰላል ወደቅኩ አለ። በዕረፍት ሰዓት ኔሪሳ ደረጃው ሥር ተቀምጣ ሳለ ጆማር ከላይ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማችው።

«ዓርብ ከንባብ ክበቡ ስብሰባ በኋላ ቀጥታ ወደ አናጢው ነን። ቤንዚኑ ከእኔ።»

«ሰው ካለስ ውስጥ?»

«ይኑራ። የእኛዎቹ ሲታረዱ ማን አዘነላቸው?»

ኔሪሳ እየሮጠች የክበቡ ኃላፊ ወደሆኑት ወደ ማም ፌሊሳ ሄዳ የሰማችውን ነገረቻቸው። መምህርቷ ከኮምፒውተራቸው ቀና ሳይሉ «የወንዶች ጉራ ነው ልጄ፣ አፋቸውን ነው እንጂ» አሏት። «ይልቅ ደስ ይበልሽ። ዓርብ በመላው ተማሪ ፊት የሚነበበው ያንቺ ነው፤ አምስት ኮከብ የሰጠሽው።»

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የቤታቸውን ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ኔሪሳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የግቢውን ምዕራፍ እንደገና ከፈተች። የምትፈልገው ቀዳዳ ነበር፤ አናጢው አይደለም የሚያሰኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር። መጀመሪያ ያነበበች ጊዜ ገጾቹን የዋጠቻቸው በጥድፊያ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ሰው ቀስ ብሎ ሞተባት። አንደኛው ሳንጃው ሲገባበት ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ ወታደሩ ሲነቅለው ጣቶቹ አብረው ሄዱ። አንድ አባት ልጁን ከኋላው ሊሸሽግ ሞከረና ሁለቱም በአንድ ሳንጃ ተወጉ። ኔሪሳ ስለዚህ ገጽ «ድንቅ አገላለጽ» ብላ ጽፋ እንደነበር ትዝ ሲላት አፈረች።

ዘንቢል ያጠለቀው ሰው ግቢውን አቋርጦ የሚሄድበት ቦታ ስትደርስ አንዲት ቃል ያዘቻት። ዝናብና ደም የተቀላቀለበትን ጭቃ ሲሻገር በግራ እጁ የልብሱን ዘርፍ ሰብሰብ ያደርጋል ይላል። ኔሪሳ መልሳ አነበበችው። ሱሪ የለበሰ ሰው የሚሰበስበው ዘርፍ ከየት ያመጣል?

በታጋሎግ «ሲያ» የምትባል ቃል አለች። እሱም «ሲያ» ነው፣ እሷም «ሲያ» ናት፤ ግሱም ወንድ ሴት አይልም። ጸሐፊዋ ስለ ጠቋሚው ስትጽፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ሲያ» እንጂ ሌላ ቃል አልወጣትም። ለዚያች ቃል ሱሪ አልብሳ ያነበበችው ኔሪሳ ናት፤ ከእሷ በኋላም ትምህርት ቤቱ በሙሉ። ጠቋሚዋ ሴት ነበረች።

ደስታዋ ቶሎ ጠፋ። ሴት ከሆነች፣ የትኛዋ? ወደ ኋላ እየገለጠች ሄዳ ምዕራፍ ሦስት ላይ አገኘቻት። ለጃፓኖቹ ካምፕ ልብስ የምታጥብ ሴት፤ የወታደሮቹን ሸሚዝ ተኩሳ የምታደርስ፣ በምትኩ ሩዝ ይዛ የምትመለስ። ያን ቀን የእሷን ባል ማንም አልጠቆመበትም። ኔሪሳ በአናጢው ላይ የደረደረችው ማስረጃ ሁሉ ለልብስ አጣቢዋ ልክክ አለ። ሎላ፣ ማለትም አያት፣ እያሉ የሚጠሯት የእናቷ አያት ሲናንግ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ የካምፑን ልብስ ስታጥብ ነበር።

እናቷ ጓዳ ቁጭ ብላ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች።

«እማዬ፣ ሎላ ሲናንግ ለጃፓኖቹ ልብስ ታጥብ ነበር አይደል?»

«ታጥብ ነበር። ልጆቿ ምን ይብሉ?»

«ባሏን ግን ለምን አልጠቆሙበትም?»

የእናቷ እጅ እንዴት ከዓሣው እንደተነሳ አላየችውም። ጥፊው ከነቅርፊቱ ጉንጯ ላይ አረፈ፤ ጆሮዋ ጮኸ። ቢላው ወለሉ ላይ ወድቆ ተንቀጫቀጨ።

«ይህቺን ጥያቄ እኔም ልጅ ሆኜ ጠይቄያታለሁ» አለች እናቷ። «አልመለሰችልኝም። ሁለተኛ አፍሽ ላይ እንዳትደግሚያት። እዚህ ከተማ መኖር እፈልጋለሁ፣ ሰማሽ?»

ከዚያ ፊቷን በክንዷ ሸፍና አለቀሰች። ኔሪሳ ከጉንጯ ላይ ቅርፊቱን እየለቀመች ቆመች። ፈራች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ዘርፍ የምትለዋን ቃል ከእሷ በቀር ያያት የለም። የሚቃጠለው የሩዌል ቤት ነው።

ዓርብ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጆማር ከፊት ተቀምጧል፤ እግሩ ሥር ያበጠ ቦርሳ አለ። ሩዌል የኋላ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ማም ፌሊሳ ማይክሮፎኑን ለኔሪሳ ሰጥተው «የዘንድሮ ብቸኛው አምስት ኮከብ» ብለው አስጨበጨቡላት።

«አስተያየቴን አላነብም» አለች። «በሩ ላይ አንብባችሁታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ላንብብላችሁ።»

ዘርፍ የምትለዋን አነበበች። ደግማ አነበበችና «ሱሪ ለብሳችሁ ዘርፍ ሰብስባችሁ ታውቃላችሁ?» አለች። ከኋላ አንዲት ልጅ «ውይ፣ ሴት ናት» ስትል ጉምጉምታው ከወንበር ወንበር ተላለፈ። ጆማር መጽሐፉን ከጎኑ ካለው ልጅ ነጠቀና ገጹን ይፈልግ ጀመር። አገኘው። ረጅም ጊዜ አየው።

«ታዲያ ማናት?» ብሎ ቀና አለ።

«ልብ ወለድ ነው፤ ጸሐፊዋ የፈጠረቻት ናት። እኔ ነኝ ከመጽሐፉ ጎትቼ ሰው ቤት ያስገባኋት።» አለች ኔሪሳ። እዚህ ላይ ልትቀመጥ ትችል ነበር። የጆማር ዓይን ግን አሁንም ሰው ይፈልጋል፤ ዛሬ ባያገኝ ነገ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። «በአናጢው ላይ የጻፍኩት ሁሉ ለልብስ አጣቢዋም ይሆናል። የካምፑን ልብስ ስታጥብ የነበረችው የእናቴ አያት ናት። ሲናንግ። ባሏን ማንም አልጠቆመበትም። እንደ እኔ አነባበብ ከሆነ መምጣት ያለባችሁ ወደ እኛ ቤት ነው።»

አዳራሹ ተናወጠ። አንዱ ወንበር ረግጦ ጣለ፤ ሌላው ስሟን እየጠራ ሰደባት። ማም ፌሊሳ ማይክሮፎኑን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። «ኮከቡስ?» አሏት።

«መጽሐፉ አምስት ነው። የእኔ ወረቀት ይነሳ።»

ስትወጣ ሩዌል በሩ ላይ አስቆማት። «በጓሮ በኩል ሂጂ» አላት ዝግ ባለ ድምፅ። «እነ ጆማር የግቢው በር ላይ ናቸው።»

«አንተ በየት ነው የምትወጣው?»

«እኔማ ለምጄዋለሁ።»

ጎን ለጎን ወጡ። የመጀመሪያው ድንጋይ አጥሩን መታ፤ ሁለተኛው የኔሪሳን ቅንድብ ሰነጠቀው። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሩዌል ሊጎትታት ሲል ክንዷን አስለቀቀችና ጆማር ፊት ሄዳ ቆመች። እሱም ድንጋይ ይዟል፤ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው።

«ሎላሽ ናት?» አላት።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

«አላውቅም። እናቴም አታውቅም። አንተም አታውቅም።»

ጆማር አያት። በድምፁ ያለው ልቅሶ ይሁን ንዴት እሱም የለየው አይመስልም። «ሦስት ናቸው የእኛዎቹ» አለ። «ሦስት ሰው ነው። የእነሱን ደም ከአንድ ሰው እንኳ አልጠይቅም?»

እውነቱን ነበር። ከኋላው አንዱ «በላት እንጂ» ብሎ ገፋው። ጆማር ወደፊት ተንገዳገደና ዞሮ የገፋውን ልጅ በጥፊ መታው። ቦርሳውን አውልቆ ጠርሙሱን አወጣና ግንቡ ላይ ወረወረው። ቤንዚኑ በግንቡ ላይ ወረደ፤ ሽታው መንገዱን ሞላው። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ሩዌል በታሰረው እጁ ወደ ድልድዩ አመለከተ። «ቁስልሽን አባቴ ያጥብልሽ። ቅርብ ነው።»

«ሌላ ቀን» አለችው።

የተናገረችው ነገር በታሊባዮ ሰው ከሚያመላልሰው መኪና ከጂፕኒው ፈጥኖ እንደሚደርስ ታውቃለች። የሸሚዟን እጅጌ ቅንድቧ ላይ ጭና ወደ ቤት መራመድ ጀመረች፤ ከዚያ ፈጠን አለች፤ ከዚያ ሮጠች። እናቷ ከጎረቤት ከመስማቷ በፊት ከእሷ አፍ መስማት ነበረባት።