ወደ ግራ የምትዞረው ታንኳ

«እኔ ዕድላዊት ያልጨረስኩት ጌም ገና አልተሠራም!»

የሚኒ ሚዲያው ስፒከር አንዴ ሲጥ አለና ድምፅዋን ግቢው ላይ በተነው። ዓርብ ነው፤ የእረፍት ሰዓት። ሳምቡሳ የያዘውም፣ ኳስ የሚያሳድደውም ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዞረ። የዘጠነኛ ክፍሏ ዕድላዊት ሰሞኑን የተጫወተቻቸውን ጌሞች የምታወራበት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ የስፖርት ዜናውን እንኳ የሚያዳምጥ ጠፍቷል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዕድላዊት የጨረሰችው አንድም ጌም የለም። ሲቀላ ሰፈር ካለው የዳግም ጌም ቤት ትገባለች፣ ሁለት ሦስቴ ትሞታለች፣ ከዚያ ጆይስቲኩን ለባለተራው ወርውራ ሌሎች ሲጫወቱ ታያለች። የቀረውን ምላሷ ይጨርሰዋል። ምላሷ ደግሞ አይጣል ነው።

«አዲሱን የኳስ ጌም አየሁት» አለች። «ከአምናው የተለየው የተጫዋቾቹ ፀጉር ብቻ ነው። ሰዎቹ ፀጉር ቤት ከፈቱ እንጂ ጌም አልሠሩም። የዞምቢውስ? ዞምቢዎቹ ሲመጡ ጆንያ ተሸክመው የሴቻን ዳገት የሚወጡ ነው የሚመስሉት። እስኪደርሱብኝ ጠብቄ ጠብቄ እንቅልፍ ገደለኝ። የእርሻው ደግሞ ብሶ! ሙዙ ሻይ አዝዛችሁ ሳይመጣ ይበስላል። የሠራው ሰውዬ ሙዝ የሚያውቀው ጁስ ቤት ነው!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ማይኩን የሚቆጣጠረው ኢያኤል አውራ ጣቱን አነሳላት። አሁን የቀረው የወለቴ ጌም ነው።

ወለቴ ከዕድላዊት ጋር አንድ ዴስክ የምትጋራ፣ ሙዝ ከሚመረትባት ከላንቴ መንደር የምትመጣ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ በሚማር ዘመዷ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ክረምቱን ሙሉ ተደፍታ አንድ የስልክ ጌም ሠርታለች፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ አዞዎቹን እያመለጠ አባያ ሐይቅን በታንኳ የሚሻገርበት። የትምህርት ቤቱ የቴክኖሎጂ ክበብ ለዞኑ የፈጠራ ውድድር አንድ ሥራ ሊልክ ነው፤ መምህሩም «ተማሪው የወደደውን እልካለሁ» ብለዋል። ወለቴ ጌሙን ከማንም በፊት ለዕድላዊት የሰጠቻት ለዚህ ነበር።

«እስከ መጨረሻው ተጫወቺውና ያየሽውን ተናገሪ» ብላታለች። «አደራ።»

ዕድላዊትን የመጀመሪያው አዞ በላት። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ በላት። ስልኳን አስቀምጣ እራቷን በላች።

አሁን ማይኩን እንደያዘች ለአፍታ አመነታች። «ይሄኛውን ገና አልጨረስኩትም» ብትል ማን ይስቃል?

«ቀጥሎ የራሳችን ልጅ የሠራችው ጌም!» አለች። «ባለቤቷ ወለቴ ትባላለች። ውሃው ቡኒ ነው፤ አባያ መሆኑ ነው መሰለኝ። እኔ ሻይ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ስኳር ስፈልግ ነበር። ታንኳዋ ደግሞ ሰክራለች! ቀጥ በይ ስትሏት ወደ ግራ፣ ቀኝ ስትሏት ወደ ግራ። ቀዛፊው ቀሽም፣ ሽባ! አዞው ራሱ አዝኖለት ነው የሚበላው። ወለቴ፣ የኔ እህት፣ ይቅርብሽ፤ አንቺ ሙዝሽን ሽጪ!»

እንዲህ ያለ ሳቅ ሚኒ ሚዲያው ከተቋቋመ ጀምሮ ተሰምቶ አያውቅም። ክፍሏ በር ላይ የቆመችው ወለቴ መሬት መሬቱን እያየች ወደ ውስጥ ገባች።

ዕድላዊት ከስቱዲዮው ስትወጣ ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። ከአጥሩ ውጪም አንድ ሰው ይስቃሉ። የወለቴ አባት ጋሽ አበጋዝ ናቸው። ድሮ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ግራ እጃቸውን የአባያ አዞ ከወሰደው ወዲህ ግን ላንቴ ሙዝ ያለማሉ። የልጃቸው ሥራ ዛሬ በማይክ ይነገራል ስለተባሉ ሙዛቸውን ገበያ አራግፈው ነው የመጡት። ከአማርኛው ጋሞኛው ይቀናቸዋል፤ ከስፒከሩ የለዩት የልጃቸውን ስም ብቻ ነው። ተማሪው ሲስቅ ጊዜ እሳቸውም ሳቁ።

ዕድላዊትን ሲያዩ ያላቸውን አንድ እጅ ከፍ አድርገው «ጎበዝ!» አሏት።

እሷም እጇን አወዛወዘችላቸው። «እሳቸው እንኳ ወደውኛል» አለች በልቧ።

ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ጌም ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። ዕድላዊት ሥራ ፈትታ ጋደም እንዳለች፣ ደግማ ልትስቅበት የወለቴን ጌም ከፈተች። በዚህኛው ሙከራ ስክሪኑን መደብደብ ሰልችቷት ቀስ እያለች ቀዘፈች። አዞው ብቅ አለ፤ አያትና በታንኳዋ ሥር አልፎ ሄደ።

ይኼን ጊዜ ሥዕሉ ቀረበ። እስካሁን ከላይ ኮፍያው ብቻ ይታይ የነበረው ዓሣ አጥማጅ ፊት ለፊት መጣ። የሸሚዙ ግራ እጅጌ ባዶ ነው፤ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። የሚቀዝፈው በቀኝ እጁ ብቻ ነው። በአንድ ጎን ብቻ የምትቀዘፍ ታንኳ ወደየት ትዞራለች?

ዕድላዊት ስልኩን ደረቷ ላይ ደፋችው። «ሽባ» ያለችው ድምፅ በጆሮዋ መጣ፤ የራሷ ድምፅ፣ በስፒከር። እንደገና አነሳችውና ቀጠለች። ሁለተኛው አዞ በላት።

ሰኞ ስትመጣ የክበቡ መምህር የሌላ ልጅ ሥራ መርጠዋል። ወለቴ ዴስክ ቀይራለች። ፋኑኤል የሚባለው የክፍላቸው ልጅ እሷ ባለፈች ቁጥር ሰካራም እየመሰለ ወደ ግራ ይንገዳገዳል፤ «ቀጥ በይ፣ ታንኳ!» ይላል፤ ጓደኞቹ ይንከተከታሉ።

ኢያኤል ዕድላዊትን ኮሪደር ላይ አገኛት። «ዕድሌ፣ ዓርብ ታንኳዋን ድገሚያት። ነፍ ሰው እየጠየቀኝ ነው።»

«አልደግማትም።»

«ምነው?»

«ጌሙን አልጨረስኩትማ።»

«መቼ ጨርሰሽ ታውቂያለሽና?» አለ ኢያኤል፤ የምር ገርሞት።

ዕድላዊት ወለቴን ቧንቧው ጋ ጠርሙሷን ስትሞላ አየቻትና፣ ፋኑኤልና ጓደኞቹ ወረፋው ላይ ቆመው እያዩ፣ ቀጥ ብላ ወደ እሷ ሄደች።

«ወለቴ፣ አላወቅኩም ነበር። ማለቴ የአባትሽን እጅ አውቃለሁ። ጌሙ ውስጥ ያሉት እሳቸው መሆናቸውን ነው ያላወቅኩት።»

ወለቴ ከጠርሙሱ ዓይኗን አላነሳችም። «ዓርብ ወደ ቤት ስንሄድ፣ ልጅቷ ምን ብላ ነው ያሳቀችን ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«መጀመሪያ ወሬ ቀየርኩበት። ደግሞ ሲጠይቀኝ ተረጎምኩለት።»

ዕድላዊት ዝም ማለት አልፈጠረባትም።

«አስተካክለዋለሁ!» አለች። «በዚህ ዓርብ፣ በዚያው ማይክ! አዞው እንዴት እንደያዛቸው፣ በአንድ እጃቸው እንዴት እንዳሳደጉሽ እናገራለሁ። እኔን ታውቂኛለሽ፤ ግቢውን በሙሉ ነው የማስለቅሰው!»

ወለቴ ቧንቧውን ዘጋች።

«ባለፈው ዓርብ በአባቴ አሳቅሽበት፤ አሁን ደግሞ ልታስለቅሺበት ነው? አንፈልግም። ዞር በይ፣ ሰው ወረፋ ይዟል።»