ለሲፈን የመጣው ኢሜይል

ኢሜይሉ የገባው ሰኞ ጠዋት፣ ፊቤ በስልኳ የሒሳብ ትምህርት እየተከታተለች ሳለ ነው። ኮሮና ትምህርት ቤቱን ካዘጋ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ደህና ስልክ ያላት እሷ ብቻ ናት፤ የታላቅ እህቷ የሲፈን የፓስፖርት ማመልከቻም የተሞላው በእሷ የኢሜይል አድራሻ ነበር። ከፈተችው። የእንግሊዝ ፓስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ሲፈን ስትወለድ አባቷ የእንግሊዝ ዜጋ እንደነበረ የሚያሳየውን ሰነድ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንድትልክ ይጠይቃል። ካልላከች ማመልከቻው ይዘጋል።

ፊቤ ኢሜይሉን ማንም ወደማይከፍተው ማኅደር ወሰደችው።

ሁለቱም ከአንድ እናት ተወልደው ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደጉት። የሲፈን አባት ግን ለንደን ነው። የፊቤ አባት ዱካሞ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ስፓዛ፣ በትንሿ የሰፈር ሱቅ፣ ዳቦና የስልክ ኤርታይም ይሸጣል። ለፊቤ ከእሱ የተረፋት በየስድስት ወሩ የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ የሚያድሰው ቢሮም በሎክዳውኑ እንደተዘጋ ነው። ሲፈን ስለ ለንደን ባወራች ቁጥር ቅናቱ እንደ ቃር ደረቷ ላይ ይወጣባታል።

ዓርብ ዕለት ሲፈን ጓሮ ልብስ እያሰጣች፣ «ፊቤ፣ እስካሁን ምንም አልመጣም?» አለቻት።

«ቢመጣ አልነግርሽም?»

«ኢሽ፣ እነሱንም ኮሮና ይዟቸው ይሆናል።» ሲፈን እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዘች ቆመች። «ትናንት አባቴ ደውሎ ነበር። ስንተኛ ክፍል ነሽ አለኝ። ባለፈው ሳምንት እኮ ነግሬዋለሁ። ለእማዬ እንዳትነግሪ፣ እሺ?»

ፊቤ ደስ አላት። ደስ ማለቷ ደግሞ አስደነገጣት።

ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ተቀመጠች። ከዚያ ኢሜይሉን ከማኅደሩ አውጥታ ወደ ጓሮ ተመለሰችና ስልኩን ለእህቷ ሰጠቻት።

ሲፈን እጇን ቀሚሷ ላይ አድርቃ አነበበች። «አሁን ነው የገባው?»

«ሰኞ ነው። አንብቤ ደበቅኩብሽ።»

ሲፈን ስልኩን ዝቅ አደረገችው። «ለምን?»

«እንዳትሄጂብኝ ብዬ» ማለት ትችል ነበር። ሲፈን ታምናት ነበር፤ ምናልባትም ታቅፋት ነበር።

«ቀንቼ ነው» አለች ፊቤ።